ለኡስታዝ ሀሰን መኪና የመረጥናቸው ማሸጊያዎች

ባሕሪ፣ ካርቱም
ሚያዝያ 22 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለውዷ ልጄ ለሰልሰቢል፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ጤናሽ እንዴት ነው? ቤትሽስ? እኛ አልሐምዱ ሊላህ ደህና ነን። እናትሽ ጉልበቷን ያማታል እንጂ ሌላው ሁሉ ደህና ነው፤ ምላሷም ደህና ነው። ሰሞኑን የአሸዋ ነፋሱ፣ ሀቡቡ በርትቶብናል። ጠዋት የጠረግነው በረንዳ ከሰዓት በኋላ አሸዋ ለብሶ ይጠብቀናል።

ይህን ደብዳቤ የያዘችልሽ የኔነሽ ናት። ዴም ሰፈር ሳለን ከቤታችን ፊት ለፊት ጨርቅ ትሸጥ የነበረችው፤ መቼም አትረሻትም። ዕቃ ልታመጣ ዱባይ ስለምትሄድ ሻርጃ ድረስ ዘልቃ በእጅሽ እንደምትሰጥሽ ነግራኛለች። በርበሬውን የላከችልሽ እናትሽ ናት።

የኡስታዝ ሀሰን መኪና ከምን ደረሰች ብለሽ ደጋግመሽ ጠየቅሽኝ። መናገር ስጀምር ካርድሽ ያልቃል፣ ካርድ ሲኖርሽ ደግሞ እዚህ መስመሩ ይጠፋል። ነገሩም በስልክ የሚያልቅ አይደለም። ሱቅ ለሱቅ ዞረሽ የላክሽው ዕቃ ምን ላይ እንደዋለ ማወቅ ይገባሻልና ከመጀመሪያው ልንገርሽ። አማርኛው እንዳይከብድሽ ቀለል አድርጌ እጽፋለሁ፤ ካልሆነም ባልሽ ያንብብልሽ።

ኡስታዝ ሀሰን ከወንዙ ማዶ አል-ጣኢፍ ሰፈር የሚኖሩ ጡረተኛ መምህር ናቸው። ብዙ ዘመን ዶሃ ሲያስተምሩ ኖረው ሲመለሱ ያችን ባለ ሁለት በር ቀይ ማዝዳ ይዘው መጡ። ከፖርት ሱዳን እስከ ካርቱም ራሳቸው ናቸው የነዷት። ባለቤታቸው ከጎናቸው ተቀምጠው፣ ልጃቸው ኢኽላስ ከኋላ ተኝታ። ያን መንገድ ሲያወሩት ትናንት የተጓዙ ነው የሚመስለው። ባለቤታቸው አሁን የሉም፣ አላህ ይዘንላቸው። እሳቸው ካለፉ ብዙም ሳይቆይ ራዲያተሩ ተቀደደ፤ ኡስታዝ ውሃው ማለቁን ሳያዩ ሲነዱ ሞተሩ ጋለና ቆመ። ከዚያ ወዲህ መኪናዋ ግቢያቸው ውስጥ ከኒሙ ዛፍ ሥር ሸራ ለብሳ ተቀመጠች።

ኢኽላስን በልጅነቷ «በሰርግሽ ቀን በዚህች መኪና ነው የማደርስሽ» ብለዋት ነበር። ዘንድሮ ኢኽላስ ልታገባ ሆነ።

ኡስታዝ የከተማውን መካኒክ ሁሉ አዳርሰዋል። አንዱ «ይህን ሞተር ይጣሉትና ፒስተን ያለው ልግጠምልዎ» አላቸው። ሌላው ኮፈኑን ከፍቶ አየና መልሶ ዘጋው። እኔ ዘንድ ያመጣቸው ከቢር ነው። ከቢርን ታውቂዋለሽ፣ ከመካኒክ ወርሻችን አጠገብ ብረት የሚቀርጽበት ቶርኖ ያለው የደሴው ሰው። ሻይ አዘዝንላቸው፤ ሻዩን ሳይነኩ ጠየቁኝ።

«ሙሐመድአወል፣ ይህን ዓይነት ሞተር ፈትተህ ታውቃለህ?»

«መፍታቱን አንድ ጊዜ ፈትቻለሁ» አልኳቸው። «ገጥሜ ግን አላውቅም። ባለቤቱ እንደተፈታ በካርቶን ወሰደው።»

ይቀየማሉ ብዬ ነበር፤ እሳቸው ግን ሳቁ። «እስካሁን እውነቱን የነገረኝ አንተ ነህ» ብለው ሻዩን አነሱ።

አንቺ ወርሻ ውስጥ ስላደግሽ ፒስተን ምን እንደሆነ ለአንቺ አልነግርም። ይህ ሞተር ግን ፒስተን የለውም። ወገቡ ትንሽ ገባ ያለ፣ ስምንት ቁጥር የሚመስል ቤት አለው፤ በውስጡ ጎኖቹ ጎበጥ ያሉ ባለ ሦስት ማዕዘን ብረት ይዞራል። ሲዞር ሦስቱም ጫፎች ከግድግዳው አይለዩም። እያንዳንዱ ጫፍ ላይ ቀጭን ብረት ይሰካል፤ ከሥሩ ስፕሪንግ፣ ሞላ የምንለው፣ ሆኖ ወደ ግድግዳው ይገፋዋል። የጫፍ ማሸጊያ የምለው እሱን ነው። ፒስተን ላይ ፋሻ የምንለው ቀለበት የሚሠራውን ሥራ እዚህ የሚሠራው እሱ ነው። በጎኖቹ ደግሞ እንደ ቀስት የጎበጡ ስስ ማሸጊያዎች አሉ። ውሃው ከእሳቱ ጋር እንዳይገናኝ ሞተሩ በተደራረበባቸው ብረቶች፣ በየሳህኑ መካከል፣ ዙሪያውን ጎማ ይገባል። እንግዲህ ሞተሩ ሁለመናው ማሸጊያ ነው ብልሽ አላጋነንኩም። አንዱ ካልያዘ ሌላው ብቻውን ምንም አይሠራም።

ስንፈታው ከፊተኛው ክፍል አንዱ የጫፍ ማሸጊያ ተሰብሯል። ስባሪው በጭስ ማውጫው በኩል ወጥቷል፤ ሲወጣ ግን ግድግዳውን ጫር አድርጎታል። በጣቴ ብዳስሰው ጥፍሬን አልያዘውም። ጥፍር የሚይዝ ቢሆን ኖሮ ሥራው እዚያው ላይ ያበቃ ነበር፤ ለዚህ ሞተር ሌላ ቤት ካርቱም ውስጥ የለም።

ያኔ ነው አንቺ ዘንድ የደወልኩት። እንደምታስታውሺው የጫፍ ማሸጊያ ፈልጊልኝ ብዬሽ ዘጋሁ። በማግስቱ ደወልሽ።

«አባ፣ ሻጩ ሁለት ዓይነት ነው ያለው ይላል። አንዱ የፋብሪካው ነው፣ ጠንካራ ነው። ሌላው ለስላሳ ብረት ነው። ሰዎች ሁሉ ጠንካራውን ነው የሚወስዱት አለኝ። የቱን ላምጣ?»

«ሁለቱንም ላኪ።»

«ሁለቱንም ምን ታደርግበታለህ?»

«ሳየው አውቃለሁ።»

ቀጥለሽም የባልሽን ስም አንስተሽ «ተውፊቅ የውሃውን ጎማ ሙሉውን ጨምሬበታለሁ እያለ ነው» አልሽኝ።

«ጎማ አልጠየቅሁም» አልኩሽ።

ካርዱ ያለቀ መስሎኝ «ሃሎ፣ ሃሎ» አልኩ። ለካ አላለቀም።

ዕቃው በደህና ደረሰኝ። ሁለቱን ማሸጊያዎች ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ዘርግቼ ከከቢር ጋር ተጨቃጨቅን። የተሰበረው አሮጌ ማሸጊያ ከጠንካራው ጋር አንድ ዓይነት ነው። ከእሱ የቀረውን ቁራጭ ሞርሳ መያዣው ላይ አስሬ በመዶሻ ብነካው እንደ ብርጭቆ ተሰበረ። ሻጩ ከለስላሳው አንድ ትርፍ ጨምሮልሽ ነበር፤ እሱን አስሬ ብመታው ጎበጠ እንጂ አልተሰበረም።

«አየህ?» አልኩት ከቢርን።

«ምኑን ነው የማየው? የፋብሪካውን አድርግ። የሠሩት ሰዎች ሞኞች አይደሉም።»

«የሠሩት በራሳቸው አገር ቤንዚን እንዲሄድ ነው። የእኛ ቤንዚን በዚህ ሙቀት ያለ ጊዜው እየነደደ ሞተሩን ውስጥ ለውስጥ በመዶሻ ይደበድበዋል። ጠንካራው አንድ ቀን ይሰበራል፤ ሲሰበር ደግሞ ግድግዳውን ይዞት ይሄዳል።»

«ለስላሳውም ይበላል። ቶሎ አቅም ያጣል። ዓመት ሳይሞላ ደግመህ ትፈታታለህ።»

«እፈታታለሁ።»

«እንግዲህ ሁለት ጊዜ መሥራት ከወደድክ» አለና ወደ ቶርኖው ተመለሰ። ያለው ነገር ትክክል ነው። እኔም ያልኩት ትክክል ነው። ሁለታችንም ትክክል ስለሆንን ምርጫውን ለባለቤቱ መስጠት ይሻላል ብዬ ኡስታዝን ጠራኋቸው። የጎበጠውንና የተሰበረውን አሳየኋቸው። የአንዱን ጉዳት፣ የሌላውንም ጉዳት ሳልደብቅ ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ብዙ አገላብጠው አዩ።

«የትኛው ነው ልጄን የሚያደርስልኝ?» አሉ።

«ሁለቱም ሊያደርሷት ይችላሉ። ነገር ከተበላሸ ግን በጠንካራው ሞተሩን እናጣለን፤ በለስላሳው እየተንገዳገድንም ቢሆን እንገባለን።»

«እየተንገዳገድን መግባት ይሻላል» አሉ። በዚያው ተቆረጠ።

ከዚያ በኋላ ያለው የትዕግሥት ሥራ ነው። የጫፍ ማሸጊያው ርዝመት ትንሽ ከበለጠ ሞተሩ ሲግል ይነክሳል፣ ካነሰ ግፊቱ ያመልጣል። ስለዚህ በለስላሳ ድንጋይ እያሸሁ፣ በስስ መለኪያ እየለካሁ፣ እያንዳንዱን ለየራሱ ቦታ አስተካከልኩ። የጎኖቹንም እንዲሁ። የአንዱ ጎድጓዳ ለሌላው ስለማይሆን ሁሉንም በየቦታቸው ምልክት አድርጌ አስቀመጥኳቸው። ሞላዎቹን በሙሉ አዲስ አደረግሁ። እናትሽ ምሳ ይዛ ስትመጣ ጠረጴዛው ላይ ጨርቅ ሸፍኜ አገኘችኝና «ወርቅ ቤት ከፈትክ እንዴ?» አለችኝ።

ጎማው ላይ ግን ሌላ ነገር ሆነ።

ያ የሻርጃው ጎማ በፕላስቲኩ እንዳለ መደርደሪያ ላይ አወጣሁት። እኔ ሰጃና የመለዋወጫ ገበያ ሄጄ ለትልልቅ መኪና የሚሆነውን ክብ የጎማ ገመድ ገዛሁ፤ በልኩ ቆርጬ ጫፍና ጫፉን አጣበቅሁት። ስንት ዓመት በዚያ ጎማ ስሠራ ኖሬያለሁ። ከዚህ ወርሻ ወጥቶ የሄደ ልጅ ስለ ጎማ ያስተምረኛል እንዴ ብዬ ነው፤ ሌላ ምክንያት አልነበረውም። ቁልፍ አያያዝ ያሳየሁት እኔ ነኝ። ወርሻውም የእሱ እንዲሆን ነበር ያሰብኩት፤ ይህን እናትሽም ታውቃለች። እሱ ሻርጃ ይሻለኛል ብሎ ሄደ፣ ቀጥሎ ደግሞ አንቺን እንዲጠይቁ ሽማግሌ ላከ። ይሁን ብዬ ኒካሑን በወኪል አሠርኩ። ያን ሰሞን ወርሻውን የምተውለት ሰው ስላልነበረኝ ሰርጉ ላይ አልመጣሁም። እናትሽ ቪዲዮውን አምጥታ ነበር፤ ማጫወቻው ተበላሽቶ ሳላየው ቀረሁ። የተሳፈርሽባት መኪና ነጭ ናት አለችኝ። እውነት ነው?

ወደ ነገሬ ልመለስ። ሞተሩን ገጥመን መኪናዋ ላይ ሰቀልነው። ቁልፉን ኡስታዝ ራሳቸው እንዲያዞሩ አደረግን። ሁለት ሦስት ጊዜ አጉረመረመችና ተነሳች። ድምፅዋ እንደ ሌላ መኪና አይደለም፣ እንደ ትልቅ ንብ ነው። ኡስታዝ መሪውን ይዘው ግንባራቸውን ደፉበት። ከቢር በዘይት እጁ ያጨበጭባል። የጎረቤት ወርሻ ሰው ሁሉ ወጥቶ «ማብሩክ! ማብሩክ!» ይላል። እኔም ደስ አለኝ፤ ለምን እዋሻለሁ።

በማግስቱ ጠዋት ሳስነሳት በጭስ ማውጫው ነጭ ጭስ አወጣች። የራዲያተሩን ክዳን ብከፍት ውሃው ጎድሏል። ሞልቼ ደግሜ ሳስነሳት እንደ ጀበና ገንፍሎ ፊቴ ላይ ተረጨ። በሳህኖቹ መካከል ያለው ጎማ ለቋል ማለት ነው፤ እሳቱ ወደ ውሃው፣ ውሃው ወደ እሳቱ ይገባል። ሰርጉ ደግሞ በዚያው ሳምንት ነው።

ሞተሩን ማውረድ ጀመርኩ። ኡስታዝ መጡ፤ ትናንት ስትዘፍን የነበረችውን ሞተር ጠረጴዛ ላይ ተበታትና አዩዋት። አንድም የቁጣ ቃል አልወጣቸውም። አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጡ። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ኋላ ተነሥተው «ኻላስ፣ በቃ፣ የወንድሜን መኪና እለምናለሁ። አንተ አትጨነቅ» ብለውኝ ሄዱ።

ከሰዓት በኋላ ልጃቸው መጣች። ኢኽላስን ከዚያ በፊት አይቻት አላውቅም። ከባጃጅ ረክሻ ወረደችና ረጅም ቶቧን ሰብሰብ አድርጋ፣ ዘይቱን እየዘለለች ገባች።

«ዓም ሙሐመድ እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

«አባቴ ግድ የለም እያለ ነው። አባቴ ግድ የለም ካለ ግድ አለው ማለት ነው። እውነቱን ይንገሩኝ፤ ትደርሳለች ወይስ አትደርስም?»

«አላውቅም» አልኳት። «ለምን እንደተበላሸ አውቃለሁ። መድረሷን ግን አላውቅም።»

ሞተሩን ቆማ አየች። ቀጥላ ምን እንዳለችኝ ታውቂያለሽ?

«ልንገርዎት፣ እኔ ያቺን መኪና አልወዳትም። ኋላዋ ጠባብ ነው፤ ልጅ ሆኜ ሁልጊዜ ያስመልሰኝ ነበር። እኔ በአምጃድ ታክሲም ብሄድ፣ በእግሬም ብሄድ አገባለሁ። መኪናዋ የምትፈለገው ለእሱ ነው። በዚያ ቀን እጁ የሚይዘው ነገር ከሌለው ልጁን ሲሸኝ ምን ያደርጋል? ለዚህ ነው የመጣሁት። ከቻሉ ለእሱ ይሥሩለት።»

«ኢንሻአላህ» አልኳት። ረክሻው ላይ ወጥታ ሄደች። ከቢር ከቶርኖው ሥር ቀና ብሎ «ምን አለች?» አለኝ። «ምንም» አልኩት።

በማግስቱ የእኔን ጎማ ከጎድጓዳው ሳወጣው እንደታኘከ ማስቲካ ተለጥጦ ነበር። ሙቀቱና ዘይቱ አሳብጦታል፤ ያጣበቅሁት ቦታም አፉን ከፍቷል። ይህ ጎማ ለጭነት መኪና ጥሩ ነው። እዚህ ሞተር ውስጥ ግን አንድ ጎኑ እሳት፣ ሌላው ጎኑ ውሃ ነው፤ አልቻለውም። እጄ ላይ ይዤው ቆሜ ሳለሁ እናትሽ ምሳ ይዛ መጣች። አየችው። ምሳውን አስቀመጠችና መደርደሪያው ጋ ሄዳ፣ ፕላስቲኩን አውርዳ፣ አቧራውን በሻሿ ጠርጋ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ብላ፣ ምሳህ ይቀዘቅዛል» ብላኝ ብቻ ወጣች።

ከፈትኩት። ጎማዎቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። ወደ እሳቱ በኩል የሚገባው ላዩ ላይ የሚያንሸራትት ሽፋን ያለው ነው፤ ወደ ውጭ የሚገባው ተራ። ቀላቅዬ እንዳልሳሳት ባልሽ በየወገናቸው ለያይቶ በክር አስሯቸዋል። አንድም መጋጠሚያ የላቸውም፣ ወጥ ናቸው። ለዘይቱ ቀለበቶች የሚሆኑትን ትንንሽ ጎማዎችም ጨምሯል፤ እሱን እኔ አላሰብኩትም ነበር። ጎድጓዳው ውስጥ ሳስገባው ጣቴን ሳልጫነው በልኩ ተቀመጠ።

ከቢር መጥቶ ዳሰሰው። «ይህን ማን ላከልህ?»

«ተውፊቅ።»

«የትኛው ተውፊቅ?»

«የእኛው ነዋ።»

ከቢር ጥሩ ሰው ነው። እጅጌውን ጠቅልሎ ሳህኖቹን ከእኔ ጋር ያነሳ ጀመር። ሁለታችን ተጋግዘን ገጠምነው። የጫፍ ማሸጊያዎቹን ሳወጣቸው አንድም ጉዳት አላየሁባቸውምና እነሱኑ መለስኩ። በዚህኛው ጊዜ ኡስታዝን አልጠራሁም። ብቻዬን አስነሥቼ፣ ውሃው እስኪግል ጠብቄ፣ አጥፍቼ፣ ስትቀዘቅዝ ደግሜ አስነሣኋት። ጭስ የለም። ውሃውም አልጎደለም። መኪናዋን ራሴ ነድቼ አል-ጣኢፍ ግቢያቸው ውስጥ አቆምኩላቸው። ኡስታዝ በጀላቢያቸው ወጥተው ዞሩዋት፣ ከዚያ እኔን አቀፉኝ። ልብሴ ዘይት ነው ብላቸው አልሰሙኝም፤ ነጩ ጀላቢያ ተበላሸ።

ሰርጉ ዐሱር ካለፈ በኋላ ነበር። ኢኽላስ ፊት ለፊት ከአባቷ ጎን ተቀመጠች። አዳራሹ እዚህ ባሕሪ ነው፤ ስለዚህ የወንዙን ድልድይ፣ ኩብሪውን መሻገር ነበረባቸው። እኔና ከቢር በከቢር ፒክአፕ መፍቻና ውሃ ጭነን ከኋላ ተከተልን። እናትሽ አዲሱን ቶቧን ለብሳ በመካከላችን ተቀምጣለች።

ኩብሪው ላይ መንገዱ ተዘጋ። ሙቀቱን አንቺ ታውቂዋለሽ። ክላክሱ፣ እልልታው፣ አቧራው አንድ ላይ ነው። ቀይዋ መኪና ከፊታችን በቀስታ ትንቀሳቀሳለች፣ ትቆማለች፣ ደግሞ ትንቀሳቀሳለች። መስታወቱን አውርጄ እሰማታለሁ። ዳገቱን ልትወጣ ኡስታዝ ነዳጅ ሲጨምሩባት ያን ድምፅ ሰማሁት፣ ቀጭ ቀጭ ቀጭ። ቤንዚኑ ያለ ጊዜው ነደደ ማለት ነው። ከቢርም ሰማ። ፊቴን አየኝ። ዳገቱን እስክትጨርስ ከቢር ተጠግቶ ተከተላት። ጠንካራውን አድርገን ቢሆን ኖሮ ምን ይሆን ነበር? ምናልባት ምንም ላይሆን ይችላል። አላህ ያውቃል። ለስላሳው ግን ቻለውና ወረደች።

አዳራሹ በር ላይ ኡስታዝ ሞተሩን ሳያጠፉ ወረዱ፤ ዞረው የልጃቸውን በር ከፈቱላት። እጇን ይዘው አወጧት። ለሙሽራው ከሰጧት በኋላ ወደ መኪናዋ ተመልሰው፣ ብቻቸውን ገብተው፣ መሪውን ይዘው ትንሽ ተቀመጡ። ሰው ሁሉ ወደ ውስጥ ገብቷል። እኔ ከፒክአፑ ሆኜ አያቸዋለሁ። ልሂድ አልሂድ ስል እናትሽ ክንዴን ይዛ «ተዋቸው» አለችኝ።

ኋላ ላይ እራት ስንበላ ኡስታዝ ወንድሞቻቸውንና የአማቾቻቸውን ሰዎች ሰብስበው «ሞተሩን የሠራው ይህ ሰው ነው» አሏቸው። ሁሉም እጄን ጨበጡኝ። እኔም በዐረብኛ «ብቻዬን አይደለሁም። ሻርጃ ያለው ነሲቤ ነው ከእኔ ጋር የሠራው» አልኳቸው። ነሲብ ማለት አማች ማለት እንደሆነ ለአንቺ አልነግርም፣ ዐረብኛሽ ከእኔ ይበልጣል። ቃሉ እንዴት እንደወጣኝ አላውቅም፤ አንዴ ከወጣ በኋላ ግን መመለስ አላስፈለገኝም። አንዱ ሽማግሌ «ማሻአላህ፣ ልጅህን በደህና ሰው እጅ ጥለሃታል» አለኝ። «አዎ» አልኩት።

አሁን መኪናዋ በሳምንት አንድ ጊዜ ጁሙዓ ትወጣለች። የከቢር ቃል ትንሽ ትንሽ እየደረሰ ነው፤ አቅሟ እንደ መጀመሪያው ቀን አይደለም፤ ግላ ስትጠፋ ለመነሣት ታስቸግራለች። ለኡስታዝ ነግሬያቸዋለሁ፤ ክረምቱ ሲገባ ከፍቼ አየዋለሁ። ጠንካራዎቹን ማሸጊያዎች በዘይት ጨርቅ ጠቅልዬ አስቀምጫቸዋለሁ። ልመልስልሽ ወይስ ይቆዩ? ኡስታዝ ሁለቱን ልጆች አመስግንልኝ ብለውኛል።

አንድ ነገር ተውፊቅን ጠይቂልኝ። መኪናዋ ግላ አልነሣ ስትል የካንዴላዎቹን ክፍተት ጠበብ ላድርገው ወይስ እንዳለ ልተወው? እዚያ ብዙ ዓይነት መኪና ስለሚያይ ያውቀው ይሆናል። ነገሩ በደብዳቤ ለማስረዳት ስለሚያስቸግር በስልክ ቢነግረኝ ይሻላል። ሲመቸው ነው፣ ሥራውን እንዳይፈታ።

በተረፈ በደንብ ብዪ፣ ፀሐይ አይምታሽ። አላህ ቤታችሁን ይጠብቅላችሁ፣ እጃችሁ የነካውን ይባርክላችሁ፣ ዓይን የምታሳርፍ ልጅ ይስጣችሁ። እኛንም ለመተያየት ያብቃን።

አባትሽ
ሙሐመድአወል

ሰልሰቢሌ፣ እኔ እናትሽ ነኝ። ደብዳቤውን ለየኔነሽ ከመስጠቴ በፊት አነበብኩት። ጽሑፌን ቻዪው። ያ የካንዴላ ክፍተት የሚለውን ነገር አባትሽ በደንብ ያውቀዋል። ተውፊቅ ወርሻ የገባ ሰሞን መጀመሪያ ያስተማረው እሱን ነው፤ እኔ ሻይ ይዤ ቆሜ ስሰማ ነበር። ለተውፊቅ ይህን እንዳትነግሪው። ዝም ብሎ ደውሎ ያስረዳው። አባትሽ ከዐሱር በኋላ ቤት ነው፤ ስልኩ አጠገብ ይቀመጣል።

ፋጤ